ከደቦ ወደ ወንፈል፦ የጤና ባለሙያዎች አብሮ የመመራመር ታሪክ በኢትዮጵያ

(ለጤና ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ። ዓ.ም. ተብለው ካልተገለጹ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የዚህ መርሐ ግብር አዘጋጆች የሰጡኝ ጥያቄ አጭር ነው። «የጤና ተመራቂ ተማሪዎቻችን ከሌላ ሙያ ሰዎች ጋር አብሮ የመመራመርን ክህሎት እንዴት ይማሩ?» የሚል ነው። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ የሥነ ማስተማር ቀመር ይዤ አልመጣሁም። የታሪክ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት አስቀድሞ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። ከእኛ በፊት ይህን የሞከረ ማን ነው? ምን ሠመረለት? በየትስ በኩል ተሰበረበት? ዛሬ የማቀርብላችሁ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ያገኘኋቸውን መልሶች ነው።

የምንነጋገረው በወረኢሉ ምድር ላይ ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር። በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ዐፄ ምኒልክ የሸዋን ጦር ያከተቱት እዚህ ነበር። ስለ ዓድዋ ስናወራ ጀግንነቱን እናወሳለን፤ ስለ አከታተቱ ግን እምብዛም አንናገርም። እዚህ የተሰበሰበው ሰው የየራሱ አለቃ፣ የየራሱ ድንኳን፣ የየራሱ ስንቅ ነበረው። አንድ ያደረገው መመሳሰሉ አይደለም። ቦታውና ቀኑ ተቆርጦ ስለተነገረው፣ ማንም ምን ይዞ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው። አብሮ መሥራት በጎ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ዝግጅት መሆኑን ይህ ሜዳ ያውቀዋል።

ሌላም ከዚሁ አገር የምወስደው ነገር አለ። ገበሬያችን አብሮ የመሥራትን ሥርዓት በሁለት ስም ለይቶ ይጠራዋል። አንዱ ደቦ ነው። ባለ ማሳው ይጠራል፣ ያበላል፣ ያጠጣል፤ የተጠራው ሰው ጉልበቱን ሰጥቶ አመስግኖና ተመስግኖ ይሄዳል፤ ምርቱ ግን የባለ ማሳው ነው። ሁለተኛው ወንፈል ነው። ዛሬ በእኔ ማሳ ከዋልን ነገ በአንተ ማሳ እንውላለን፤ ተራ አለው፣ ዕዳ አለው፣ ሚዛን አለው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲያችን «የጋራ ምርምር» የምንለው አብዛኛው ሥራ ደቦ ነው ብዬ እከራከራለሁ። አንዱ ሙያ ማሳውን አርሶ ጨርሶ ሌላውን ለአረም ይጠራዋል። ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ተጠርቼ ሄጄ ዝም ያልኩበት ቀን አለና ነው። ወደዚያ ኋላ እመለሳለሁ።

ጎንደር፣ 1954

በ1953 በጣና ሐይቅ ዳር፣ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ። በዚያን ዘመን በመላ አገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣም ጥቂት ነበሩ፤ እነርሱም ቢሆኑ አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ የሚገኙትም በከተሞች ነበር። በማግሥቱ፣ በ1954፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ጋር ተባብሮ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን ከፈተ።

የኮሌጁ መሥራቾች ያነሡት ሐሳብ ለዘመኑ ያልተለመደ ነበር። ሐኪም ብቻውን አንሠለጥንም፤ ቡድን እናሠለጥናለን አሉ። የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ በአንድ ግቢ ተምረው፣ በትምህርታቸው ማብቂያ ላይም በአንድነት ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየወጡ አብረው እንዲሠሩ ተደረገ። አንዱ በሽተኛውን ሲያይ ሌላዋ እናቲቱን በቤቷ ትጎበኛለች፤ ሦስተኛው ምንጩንና መጸዳጃውን ይመረምራል። ማታ ሲገናኙ የአንድ ሕመም ሦስት ገጽታ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል ማለት ነው።

ይህ ውሳኔ ትክክል ስለመሆኑ አገሪቱ ብዙ ሳትቆይ ማስረጃ አገኘች። በ1958 ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው ውጭ በሆነበት ዓመት ወባ ከቆላው ተነሥታ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወዳላቸው ቦታዎች ወጣች። በዚያ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደታመሙና 150,000 ያህል እንደሞቱ ተገምቷል። ለምን ወጣች? ለሚለው ጥያቄ የሐኪም ዕውቀት ብቻውን መልስ አይሆንም። የአየር ጠባዩን የሚያውቅ፣ ትንኟን የሚያውቅ፣ ሕዝቡ በመኸር ጊዜ ከደጋ ወደ ቆላ ለሥራ የሚወርድበትን ልማድ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

የዓለም የጤና ድርጅት «ለጤና አብሮ ለመሥራት አብሮ መማር» የሚል ሐሳብ የያዘውን የባለሙያዎች ዘገባ ያወጣው በ1988 ነው። ስለ ሙያዎች የጋራ ትምህርት ያዘጋጀውን ማዕቀፍ ያወጣው ደግሞ በ2010 ነው። ጎንደር ከመጀመሪያው ዘገባ በ34 ዓመት ቀድማለች። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም። ዛሬ ይህን ክህሎት ከውጭ እንደመጣ አዲስ ሸቀጥ አድርገን ስናስተምር የራሳችንን ማስታወሻ ደብተር ሳንገልጥ መሆኑን ለማሳየት ነው።

የጎንደሩ ሥራ ግን ስንጥቅም ነበረበት። ሦስቱ ሙያዎች አብረው ቢማሩም ማዕረጋቸውና ደመወዛቸው፣ ወደ ላይ የማደጊያ መንገዳቸውም እኩል አልነበረም። የጤና መኮንኑ ራሱ ከሐኪሙ በታች መሆኑ ስለሚከነክነው ብዙዎች ቆይተው ወደ ሕክምና ትምህርት ገቡ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሌጁ ወደ ሕክምና ፋኩልቲነት ሲለወጥ የጤና መኮንን ሥልጠናው ተቋረጠ፤ እንደገና የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። አብሮ መሥራትን በገጠር አስተምሮ በመሥሪያ ቤት ደረጃ የሚያፈርስ ሥርዓት ካለ ትምህርቱ ሥር አይሰድም። የቡድን ሥልጠናው ሐሳብ ግን አልሞተም፤ በጎንደር ዛሬም ቀጥሏል። በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ሐሳቡን አስፋፍቶ ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት በሚል የተቋሙ መታወቂያ አደረገው። ተማሪዎች በልዩ ልዩ ሙያ ተደባልቀው ወደ ቀበሌ ይወጣሉ፤ ችግሩን ያጠናሉ፤ ከነዋሪው ጋር ያቅዳሉ፤ በተከታዩ ዓመት ወደዚያው ይመለሳሉ።

ቡታጅራ፦ አንድ ማሳ፣ ብዙ ሞፈር

እስካሁን የተናገርኩት ስለ አገልግሎት ነው። ምርምርስ? እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ሳልጨርስ የምታነሡትን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «መምህር፣ ዲግሪ የሚሰጠው ለግለሰብ ነው፤ መመረቂያ ጽሑፍ የሚፈርምበት አንድ ሰው ነው፤ ታዲያ አብረን እንዴት እንመራመራለን?» የሚል ነው። ተገቢ ተቃውሞ ነው፤ መልሱም ቡታጅራ ላይ አለ።

በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራምን ጀመረ። ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው የእያንዳንዱ ቤት ሰው ተቆጠረ። ከዚያም ልደትና ሞት፣ መምጣትና መሄድ ቤት ለቤት እየተጠየቀ በተከታታይ ይመዘገብ ጀመር። ይህ መዝገብ የማንም የግል ንብረት አልነበረም። በላዩ ላይ አንዱ ስለ ሕፃናት ሞት፣ ሌላው ስለ ሳንባ ምች፣ ሌላዋ ስለ እናቶች፣ ሌላው ስለ አእምሮ ሕመም የየራሳቸውን የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፍ ሠሩ። ዲግሪው የየግል ነበር፤ መሬቱ የጋራ ነበር። አንዱ ተመራማሪ ያጠራውን የስም ዝርዝር ቀጣዩ ይጠቀምበታል፤ ቀጣዩ ያገኘውን ስሕተት ለፊተኛው ይመልስለታል። ወንፈል ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ መስክ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለመለየት ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን ከ68,000 በላይ ሰዎች መረመሩ። በሁለት መንገድ ሄዱ። አንደኛው በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ መጠይቅ ቤት ለቤት ማስሞላት ነበር። ሁለተኛው አካባቢውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ነዋሪዎችን «እንዲህ ያለ ጠባይ የሚታይበት ሰው ታውቃላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ውጤቱ ትምህርት ሰጪ ነው። አንዱ መንገድ ያመለጠውን ሌላው አገኘ። በመጠይቁ ብቻ ቢሠሩ ኖሮ የማይናገረው ሕመምተኛ በቀረ ነበር፤ በጎረቤት ዓይን ብቻ ቢሠሩ ኖሮ ደግሞ ሕመሙ ከሰው የተሰወረለት ይቀር ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ሙያዎች ብቻ ሳይሆኑ ሁለት የማወቂያ መንገዶች ተደጋግፈዋል።

ጓያ

አሁን ወደ ወሎ ደጋ፣ ወደ ልቤም ጉዳይ እመጣለሁ።

ጓያ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ዝናብ ሲያጥርም ሆነ ውሃ ሲተኛ የማይሞት፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በዋልካው ውስጥ በቀረው እርጥበት የሚበቅል፣ እርሻ የማያበዛ፣ ማዳበሪያ የማይጠይቅ እህል ነው። ሌላው ሁሉ ሲከዳ የማይከዳ ነው። ነገር ግን ለወራት ሌላ ምግብ በሌለበት እርሱን ብቻ የበላ ሰው እግሮቹ ይገተራሉ፣ ጉልበቱ ይተሳሰራል፣ በዱላ መሄድ ይጀምራል፤ የከፋበትም ይድሃል። አእምሮው ደኅና ነው፤ እጁም ደኅና ነው፤ እግሩ ግን አይመለስም። የሚመታውም በአብዛኛው የሚሠራበት ዕድሜ ላይ ያለውን ወጣት ነው።

የሳይንሱ ታሪክ እንዲህ ነው። በጓያ ውስጥ ያለውን፣ ኦዳፕ በመባል የሚታወቀውን ነርቭ ጎጂ ንጥረ ነገር የህንድ ተመራማሪዎች በ1964 ለይተው አሳወቁ። በ1976 እና በ1977 በዚያችው በደምቢያና በጎረቤቷ በፎገራ የጓያ ሽባነት ወረርሽኝ ተከሰተ፤ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይም ተዘገበ። በኋላም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በየቤቱ እየዞሩ የበሽታውን ስፋት አጠኑ። መርዙ ታውቋል፤ በሽታው ታውቋል፤ ሰብሉም ታውቋል። ይህም ሁሉ ሆኖ ከ1995 እስከ 1999 ባለው ጊዜ ድርቅን ተከትሎ በወሎ ደጋ፣ ከበሽሎ ወንዝ ማዶ በያኔው ደላንታ ዳውንት ወረዳ እንደገና ወረርሽኝ ተነሣ።

ልብ በሉ፤ መርዙ ከተለየ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ዕውቀት አልጠፋም ነበር። በየክፍሉ ተቆልፎ ነበር እንጂ። የኬሚስቱ ዕውቀት በቤተ ሙከራ፣ የነርቭ ሐኪሙ ዕውቀት በሆስፒታል፣ የግብርና ባለሙያው ዕውቀት በምርምር ጣቢያ፣ የእናቶች ዕውቀት በምድጃ ዳር ነበር። «ጓያ አትብሉ» የሚለው ምክር ከሁሉም ዘንድ የመጣ ቀላል መልስ ነው፤ በረኀብ ጊዜ ግን ሌላ ለሌለው ሰው «አትብላ» ማለት ምክር አይደለም።

በዚያ ወረርሽኝ ላይ የሠራው ቡድን ያነሣው ጥያቄ የተለየ ነበር። ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁን የኤፒዲሚዮሎጂውን ሥራ ይዘው፣ በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት የሆኑት ፈርናንድ ላምባይንና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ተጨምረው፣ ማን ምን ያህል ጓያ በላ ከሚለው አልፈው ጓያው እንዴት ተዘጋጅቶ ተበላ ብለው ጠየቁ። መልሱ የመጣው ከማእድ ቤት ነው። በንፍሮ መልክ የበላ፣ በቆሎ መልክ የበላ፣ እሸቱን በጥሬው የቆረጠመ ለሽባነቱ ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሽንኩርት ገብቶበት በወጥ መልክ የበላ፣ ሰልፈር ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ከሚበዙባቸው የአገዳና የብርዕ እህሎች ጋር ቀላቅሎ የበላ ግን የተሻለ ተጠብቆ ተገኘ። በሸክላ ድስት ብቻ የሚያበስሉ ቤቶችም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው ታየ። ከእነዚህ ግኝቶች አንዱ በ2003 ላንሴት በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል፤ ጭብጡም በረኀብ ጊዜ የሚሰጠው የእህል እርዳታ ቀድሞ ቢደርስና ከጓያው ጋር ቢቀላቀል ሽባነትን ሊቀንስ ይችላል የሚል ነው።

ይህን ግኝት ብቻውን ሊደርስበት የሚችል ሙያ የቱ ነው? ነርቭ ሐኪሙ ንፍሮና ወጥን አይለይም ነበር። ኬሚስቱ የትኛው ቤት ምን እንደሚያበስል አያውቅም። የማእድ ቤቷ ባለቤት ስለ አሚኖ አሲድ አልሰማችም። ግብርናው ደግሞ የመርዙ መጠን ዝቅ ያለ ዝርያ ለማውጣት በራሱ ጊዜና መንገድ ይሠራል። እነዚህ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ሲቀመጡ ነው «አትብሉ» የሚለው ትእዛዝ «እንዲህ አድርጋችሁ ብሉ፤ እኛም ይህን ቀድመን እናድርስላችሁ» ወደሚል ምክር የተለወጠው።

ዝም ያልኩበት ቀን

አሁን ቃል የገባሁትን ልናገር። ከ20 ዓመት በላይ ይሆነዋል። በዚህ በደጋው አገር የአመጋገብ ጥናት ለሚያካሂድ አንድ የጤና ቡድን የአካባቢውን ታሪክ እንድጽፍ ተጠራሁ። ተቋሙን መጥቀስ አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእኔም ነውና። እኔ ስደርስ መጠይቁ ተዘጋጅቶ፣ ታትሞ፣ ተባዝቶ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ጓያ ትመገባላችሁ ወይ?» የሚል ነው። በየቤቱ የምናገኘው መልስ አንድ ነበር፤ «ኧረ የለም!» በአንዱ ቤት ደጃፍ ላይ ሁለት ዱላ የተደገፈ ታዳጊ ቆሞ ያየናል፤ እናቱም «የለም» ብላለች። ተጻፈ፤ አለፍን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ ሳለን መረጃ ከሚሰበስቡት የአካባቢው ልጆች አንዷ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ወጣት፣ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ። «ጋሼ፣ እናንተ እኮ ‹ጓያ ትበላላችሁ?› ብላችሁ ነው የምትጠይቋቸው። እሱ የድኻ ነው፤ ማን አዎ ይላል? ‹ሽሮአችሁ ምንና ምን ነው?› ብትሏቸው ኖሮ ይነግሯችሁ ነበር።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር እንዳልል የተወለድኩት እዚሁ ነው። በእናቴ ቤት ሽሮ ምንና ምን እንደነበረ አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥያቄው እንደማይሆን ተሰምቶኝ ነበር። ዝም ያልኩት «ይህ የእኔ ሙያ አይደለም፤ እነርሱ ያውቃሉ» ብዬ ነው። ልጅቷ ዝም ያለችው ደግሞ የጠየቃት ስለሌለ ነው። የእርሷ ዝምታ ይቅር ይባላል፤ የእኔ ግን አይባልም። ነገሩን ለቡድኑ መሪ ስነግረው ቅን ሰው ነበርና አዘነ፤ ግን መጠይቁ ከሞላ ጎደል ተሞልቶ አልቋል፣ በጀቱም አልቋል። «የለም» የሚለው መልስ ቁጥር ሆኖ ወደ ሠንጠረዥ ገባ። ያን ልጅ ባሰብኩ ቁጥር የሚያሳፍረኝ አለማወቃችን አይደለም። ከመካከላችን ሁለት ሰዎች እያወቅን አለመታወቁ ነው።

የእንዶድ ዕዳ

የተነገረው ሁሉ ስለ ዕውቀት መጋራት ነው። ስለ ምስጋናና ስለ ባለቤትነት ካልተናገርኩ ግን ንግግሩ ጎደሎ ይሆናል። የእንዶድን ታሪክ ታውቁታላችሁ። በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ። የብልሃርዚያ አስተላላፊዎች ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ከአንድ ምልከታ ትልቅ ተስፋ ተወለደ። በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት በዓድዋ በተደረገው ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ዝቅ አለ። የእጽዋቱን ዝርያ የመምረጥና የማልማት ሥራ የዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ነበር፤ ሁለቱ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

ይህ የሁለት ሙያዎች ወንፈል የሠመረ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ግን አልሠመረም። የአፍሪካ ተመራማሪ በአገሩ ያደረገው ሙከራ በውጭ ቤተ ሙከራዎች ካልተደገመ አይታመንም ተብሎ ጉዳዩ ለብዙ ዓመታት ተጓተተ፤ ፕሮፌሰር አክሊሉም እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1997፣ ስለዚህ እኩል ያልሆነ ሚዛን ሲናገሩ ኖረዋል። ከእኛም በኩል ሌላ ዕዳ አለ። በወንዙ ዳር ልብስ ያጥቡ የነበሩት ሴቶች በጽሑፎቹ ደራስያን ዝርዝር ውስጥ የሉም። እንዶድ ቆሻሻ እንደሚያስለቅቅ ያወቁት ከማንም አስቀድመው እነርሱ ናቸው። ከላይ ያለው በእኛ ላይ ያደረገውን እኛ ከበታቻችን ባለው ላይ ማድረጋችንን ታሪክ ይመዘግበዋል።

ከታሪኩ የሚቀዳው ትምህርት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። ተረቱ የማይነግረን ድሩ እንዴት እንደሚያብር ነው። ከተረኩት ታሪክ ውስጥ ለዚህ ፋኩልቲ የሚጠቅሙ አራት ነገሮችን አወጣለሁ።

የመጀመሪያው፣ ሥራ ከመከፋፈል በፊት ጥያቄን መካፈል ነው። በደላንታ የሠራው ቡድን የተሻለው በብልሃቱ ብቻ አይደለም፤ «ምን እንጠይቅ?» በሚለው ላይ ማእድ ቤቱም ስለተገኘ ነው። እኔ የተጠራሁበት ቡድን የወደቀው መጠይቁ ከታተመ በኋላ ስለጠራኝ፣ እኔም ከተጠራሁ በኋላ ስላልተናገርኩ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ንድፍ ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት ከሌላ ትምህርት ክፍል በመጣ አንድ ሰውና በጥናቱ አካባቢ በተወለደ አንድ ሰው ፊት ይነበብ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግማሽ ቀን ይጠይቃል።

ሁለተኛው፣ የጋራ ቃል በሁሉም ዘንድ አንድ ትርጉም አለው ብሎ አለማመን ነው። «ቤተሰብ» ሲባል ለኤፒዲሚዮሎጂው ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድረው ነው፤ ለኢኮኖሚው ሰው ከአንድ ጎተራ የሚበላው ነው፤ ለገበሬው ደግሞ አዲስ አበባ የሄደው ልጁም ይጨመርበታል። ሦስቱ በአንድ ቅጽ ላይ ሲሞሉ ቁጥሩ አንድ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ሦስት ነው። ተማሪው በመጀመሪያው ወር የሚሠራው የቤት ሥራ የራሱን ሙያ አሥር ቃላት ለሌላ ሙያ ሰው በአማርኛ ማስረዳት ይሁን። በአማርኛ ማስረዳት ያቃተው ሰው በእንግሊዝኛውም ቢሆን እንዳልገባው ያን ጊዜ ያውቃል።

ሦስተኛው፣ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው እንዲናገር ሥርዓት ማበጀት ነው። «ማንም ሐሳብ ይስጥ» ማለት አይበቃም፤ በእኛ ባህል ታናሽ በታላቅ ፊት ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ይህም መልካም ጠባይ ነው። ስለዚህ መጠየቅ የታላቁ ግዴታ ይሁን። በመስክ ሥራ በየማታው መጀመሪያ የሚናገረው መረጃ ሰብሳቢው፣ መጨረሻ የሚናገረው መሪው ይሁን። ያቺ ወጣት በመጀመሪያው ማታ ተጠይቃ ቢሆን ኖሮ ያ ሠንጠረዥ ሌላ ነገር ይናገር ነበር።

አራተኛው፣ የወንፈሉን ሒሳብ አስቀድሞ መነጋገር ነው። የማን ስም በየትኛው ቅደም ተከተል ይጻፋል? መረጃው የማን ነው? ውጤቱ ወደ ቀበሌው መቼና በማን አፍ ይመለሳል? እነዚህ ጥያቄዎች በመጀመሪያው ቀን ሲነሡ ነውር ይመስላሉ፤ በመጨረሻው ቀን ሲነሡ ጠብ ይሆናሉ። ገበሬ በወንፈል ላይ ማን በማን ማሳ ስንት ቀን እንደዋለ ቆጥሮ ያውቃል፤ በዚህ ምክንያት ማንም ስስታም አይለውም።

የእነዚህን ዋጋ አልሰውርባችሁም። አብሮ መመራመር ይዘገያል። ብቻውን የሚሮጥ ተማሪ ቀድሞ ይመረቃል። ምርምርን በወጡ ጽሑፎች ቁጥር የሚመዝን የዕድገት መመሪያ እስካለ ድረስ ወጣት መምህራን ለብቻቸው ቢሮጡ አልፈርድባቸውም። የጎንደሩ ቡድን የሳሳው ተማሪዎቹ መተባበር ስላቃታቸው አይደለም፤ ከተመረቁ በኋላ የሚጠብቃቸው መሰላል ለየብቻ ስለተሠራ ነው። ስለዚህ ክህሎቱን ለተማሪ ብቻ አስተምረን መሰላሉን ሳንነካ ብንቀር ሥራውን በግማሽ መተዋችን ነው፤ ይህ ደግሞ የእኛ የመምህራኑ ጉዳይ ነው።

በመጨረሻ ወደ ደጃችን ልመለስ። ከወረኢሉ እስከ መካነ ሰላም፣ ከጃማ እስከ ለጋምቦ ባለው ደጋ የበልግ ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። በ1972 መገባደጃ የግብርና ሚኒስቴር የሰብል ግምገማ አደጋ መቃረቡን አመልክቶ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ግን ወሎ አለቀች። ያን ጊዜ ያልነበረው ዕውቀት አልነበረም፤ አንዱ ያወቀው ለሌላው፣ ሌላው ያወቀው ለሚወስነው አለመድረሱ ነበር። በሚቀጥለው የበልግ መጥፋት ጊዜ የጤና ጣቢያው መዝገብ፣ የግብርናው ግምገማ፣ የገበያው ዋጋና የእናቶች ሽሮ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገኙ ይሆን? ይህን የሚወስነው ያን ቀን የሚጻፍ መመሪያ አይደለም። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተደበላልቃችሁ ሳይሆን በየትምህርት ክፍላችሁ ተለይታችሁ መቀመጣችሁን እያየሁ ነው የምናገረው።

ከዚህ ስንወጣ ሻይ አለ። ከማታውቁት ትምህርት ክፍል ሰው ጋር ጠጡ፤ ስለ ምን እንደምትጽፉም ንገሩት።